ለአንድ ቀን አባት ሆኜ የዳርኋት ልጅ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለመምህር ንዋይ፣
ሞጣ።

አባቴ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎስ ተሻለው ወይ? ከማኅሌት ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ እንደሚያርፉ እማማ አስጽፋልኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እዚያው ዳገት ላይ ነው። ዓይንዎስ? ባለፈው የላክሁት የጉልበት ቅባት ደርሶ ከሆነ ከመተኛትዎ በፊት ነው የሚቀቡት፤ ጠዋት ከቀቡት ለተማሪዎቹ መሽተት ብቻ ነው ትርፉ። እማማ እቴናትስ እንዴት ናት? እህቴ ትሩፋትስ? ላሚቱ ወለደች ወይ? ዘንድሮ ዝናቡ እኛ አገር እንዴት ነበር? እዚህ የምንሰማው ወሬ ሁሉ የሚያስፈራ ስለሆነ የሞጣውን ለብቻው ለይታችሁ ጻፉልኝ።

እኔ፣ ባለቤቴ ሐረገወይንና ልጆቹ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ይህ ደብዳቤ ግን ውሸት እንዲኖርበት ስላልፈለግሁ በዚሁ ይለፍልኝ። ሙቀቱ አልፏል። አሰብ በጥር ሰው የሚኖርባት አገር ትመስላለች፤ አልጋችንን ከደጅ ወደ ቤት አስገብተናል። ወደቡ በስንዴ መርከብ ተጨናንቋል፣ እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ጆንያ ስቆጥር እውላለሁ። ሐረገወይን ምሳ ስበላ እንኳ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ይቆጥራል ብላ ትስቅብኛለች። ከሰሞኑ ያሳቀን ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ትሩፋት ትሁን። ከተማሪዎቹ አንዱ ቆሞ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አልፈልግም። ትሩፋት፣ አንቺም የሚያሳፍር ቦታ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ።

በኅዳር ያስጻፉልኝ ደብዳቤ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ደርሶኛል። ቃልዎ እንዲህ ነበር፤ «ይልቃል ያስተማርሁት ልጄ ነው። ልጅቱ በሽማግሌ ፊት እሺ ማለቷን አንተው ታውቃለህ። ያየኸውን ተናገር፣ መምህርንም አታሳፍር።» መልስ ሳልሰጥ ሁለት ወር ቆየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያየሁትን ተናግሬያለሁ። ከተናገርሁ በኋላ ግን ሁለተኛውን ትእዛዝ መፈጸም አልተቻለኝም። መሪጌታ ይልቃል በሰው ፊት አፍሯል፣ ያሳፈርሁትም እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ይልቃል ሚስቱ በሞተች በዓመቱ፣ የእርስዎን ደብዳቤ በኪሱ ይዞ አሰብ ሲመጣ አንድ ወር ያረፈው እኔ ቤት ነው። ድምፁን እርስዎ ያውቁታል። እዚህ ከየክፍለ ሀገሩ ተመድቦ የመጣው ሠራተኛ የአገሩን ዜማ ከተጠማ ስንት ዓመቱ፤ እሱ በቆመበት የመጀመሪያው ማኅሌት ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ በኋላ በቤቱ ዳዊት ማስተማር ጀመረ። ጊዜው እንደሚያውቁት ነው፣ ሰው ተሰብስቦ መጽሐፍ ሲገልጥ ካድሬው ጆሮውን ያቆማል። ስለዚህ የሚማሩት ጥቂቶች፣ ያውም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በሩ ይዘጋል፣ እዚያ የተባለው እዚያው ይቀራል። ለጥንቃቄ ነው ብለን ሁላችንም ደግፈነዋል። የተዘጋ በር ሌላም ነገር እንደሚሸፍን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዷ ዘሪቱ ናት። የደጀን ልጅ ናት፤ አባቷ ሞቷል፣ እናቷ አገር ቤት ናቸው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣች በዕጣ አሰብ ደረሳትና በሃያ ዓመቷ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። ዙሌይኻ የምትባል፣ ከባሕር ዳርቻዋ መንደር ከዒድ የመጣች ሴት ናት ክፍል ያከራየቻት፤ ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ቤታቸውም ከእኛ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ነው። ዘሪቱ ስትመጣ ሳቂታ ነበረች። የአንደኛ ክፍል ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟት ቀሚሷን ይዘው እስከ ቤቷ ይሸኟት ነበር። ዳዊት ከጀመረች በኋላ ግን በየወሩ አንድ ነገር እየቀረባት ሄደ። ከመምህራኑ ጋር ባሕር መውረድ ተወች፤ ይልቃል «አይጠቅምሽም» ብሏት ነው። ሬዲዮዋን ለዙሌይኻ ሰጠች። እናቷ የሚልኩላትን ደብዳቤ ሳትከፍት ለእሱ ትወስዳለች፤ እሱ ያነብና መልሱን ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች። ይህን ሁሉ እያየን እኛ ምን አልን? እንዲህ ያለች ታዛዥ የመንፈስ ልጅ ማግኘት መታደል ነው አልን። ለሐረገወይንም እንዲሁ አልኋት። እሷ «ልጅቷ ግን ከሳች» አለች።

አምና ከፋሲካ በኋላ ይልቃል ወደ ቤቴ መጣና ዘሪቱ የእሱ ዕጣ መሆኗ በጸሎት ላይ እንደተገለጠለት ነገረኝ። ሽማግሌ ሁነኝ አለኝ። እሱ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እሷ ሃያ ሁለት። «እሷስ ታውቃለች?» ስለው «ነግሬያታለሁ፣ ታዛዥ ናት» አለኝ። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ግን ይልቃል ሲናገር አነጋገሩ የእርስዎ ነው፤ ያን አነጋገር ስሰማ ደግሞ እኔ ዛሬም የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። እሺ አልሁት።

በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ የወደቡ ክሬን ነጂ ብዙነህና አንድ ከጉምሩክ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። ዙሌይኻ በረንዳዋ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ጠበቀችን። ተቀምጠን ነገር ልንጀምር ስንል ብዙነህ «ለመሆኑ የምንጠይቀው ማንን ነው?» አለ። ለካ ማናችንም አላሰብንበትም። ልጅ የሚጠየቀው ከአባት ነው፤ ዘሪቱ ደግሞ አሰብ ላይ አባቴ የምትለው ይልቃልን ነው። አባትየውም እሱ፣ ጠያቂውም እሱ ሆነ። ሳቅን። እውነቴን ነው አባቴ፣ ሦስታችንም ከልባችን ሳቅን።

ዙሌይኻ አልሳቀችም። «እኔ የቤቷ ሰው ነኝ፣ በእሷ በኩል እኔ ልቀመጥ። በእኛም ልጅ የሚሰጥ ወሊ አለ፤ ግን ወላሂ፣ አግቢው ራሱ ወሊ ሲሆን አላየሁም» አለች። ሽማግሌው በትሕትና አመሰገኗትና ነገሩን አለፉት፤ እስላም ናት፣ ሴት ናት፣ ምን አገባት ማለታቸው ነው። ከዚያ ብዙነህ ይልቃል አስቀድሞ የነገረውን አወጣ፤ ሣህሉ የአገሯ ሰው ስለሆነ ለዛሬ አባት ይሁናት ተብሏል አለ። እኔም ከዚህ ጥግ ተነሥቼ እዚያኛው ጥግ ሄጄ ተቀመጥሁ። በሁለት እርምጃ ከጠያቂነት ወደ አባትነት ተሻገርሁ ማለት ነው።

አባት ከሆንሁ ልጄን ልጠይቅ ብዬ ወደ ክፍሏ ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። የመጣንበትን ነገርኋት። ቀይ እስክሪብቶዋን ከእጇ ሳታወርድ «ጋሼ ሣህሉ፣ እምቢ ማለት ኃጢአት ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስሁላት ይስሙኝ። «ለመምህር እምቢ አይባልም» አልኋት። ይህን ቃል ከየት እንደተማርሁት እርስዎ ያውቃሉ። «እንግዲያው ለምን ትጠይቁኛላችሁ?» አለች። በቁጣ አልነበረም፣ በእውነት ሊገባት ፈልጋ ነው። ወደ በሩ ዞርሁ። እሷም ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ወጣሁና «ልጄን ሰጥቻለሁ» አልሁ፤ ተመራርቀን ተነሣን። እሺ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። ያልሁት እኔ ነኝ።

በግንቦት ተጋቡ። ክረምቱን ቤተ ክርስቲያን ስናያቸው እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው ይሄዳሉ፣ ደህና ይመስላሉ። በጥቅምት መጨረሻ ዘሪቱ ያችኑ ሻንጣ ይዛ ዙሌይኻ ቤት ገባች። የደረሰባትን የነገረችው ለሐረገወይን ነው። ወጥ ጨው ከበዛበት ሃያ ስግደት። ከትምህርት ቤት ከዘገየች አርባ። በመኝታ እምቢ ካለች ደግሞ በማግስቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ቆማ ዳዊት ትደግማለች፤ በጾም ቀንም ቢሆን እሱ ከፈለገ ፈለገ ነው። «ባልሽ ብቻ ብሆን ላትታዘዢኝ ትችዪ ነበር፣ እኔ ግን መምህርሽም ነኝ» ይላታል። በጥፊ መትቷት አያውቅም፤ ይህን እሷም ትመሰክርለታለች። ጉልበቷ ግን አብጦ ሐረገወይን በሙቅ ውኃ ስታሽላት ሰንብታለች። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ያሳፍረኛል፣ የምታነበውም ትሩፋት ናት። ሳልጽፈው ብቀር ግን የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው ብለው እንዳያልፉት ፈራሁ።

ይልቃል ሚስቴ ትመለስልኝ ብሎ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አመለከተ፤ ለእርስዎም የጻፈልዎ ይህን ጊዜ ይመስለኛል። የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ይልቃል ተነሥቶ ሲናገር አንድም ሐሰት አልተናገረም። «ጣቴን አላነሣሁባትም። በሽማግሌ አስጠየቅሁ፣ አባት ሆኖ የተቀመጠላት ሰው ሰጠኝ፣ በሥርዓቱ አገባሁ» አለ። ሊቀመንበሩ ዘሪቱን ጠየቃት። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ «እሳቸው ካሉት ሌላ የምለው የለኝም» አለች። ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ ሌላ ቃል ሊወጣት እንደማይችል ያን ጊዜ አየሁ። ዙሌይኻ ከኋላ አንድ ነገር ልትናገር ስትነሣ ተራሽ አይደለም ብለው አስቀመጧት። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አነሣ። ወደ ባሏ ትመለስ ብሎ ሊጽፍ ነው።

እጄን አወጣሁ። ብዙነህ ኮቴን ጨምድዶ «ተቀመጥ፣ አባትህን አስብ» አለኝ። አሰብሁዎት፤ ግን ቆምሁ። «ልጅቷ እሺ አላለችም» አልሁ። «እምቢ ማለት ኃጢአት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ለመምህር እምቢ አይባልም ብዬ አፏን ዘጋሁት። ከዚያ ወጥቼ ሰጥቻለሁ አልሁ። የዚያን ዕለት አባቷ ነበርሁ፣ የበደልኋትም እኔ ነኝ።» ሊቀመንበሩ «ታዲያ ካልፈለገች ለምን ዝም አለች?» አለኝ። እኔ እንግዲህ የማውቀው ሥራዬን ነው። «ወደብ ላይ ተረካቢው የተሰበረ ዕቃ ሲያይ አልረከብም ማለት ይችላል፤ ፈርሞ ሲረከብ ፊርማው የሚታመነው ለዚህ ነው። እኛ ለእሷ ያን አልተውንላትም» አልሁት። ይልቃል ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረም ፊቱ ላይ፤ ምን እንዳልሁ ያልገባው ሰው ነው የሚመስለው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ፊት ነው።

ሸንጎው ትዳሩ እንዲፈርስ ወሰነ። ደስ አለኝ ብዬ ግን አልጽፍልዎትም። ሊቀመንበሩ ውሳኔውን ካነበበ በኋላ ሃይማኖት የጭቁን ሴቶችን መብት እንዴት እንደሚረግጥ ግማሽ ሰዓት ንግግር አደረገ፤ ስሟን እየደጋገመ ሲጠራ እሷ እዚያው ቆማለች። እሱም ቢሆን ስምሽ በዚህ ቢነሣ ትወጂያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። በሳምንቱ የይልቃል ጉባኤ ተዘጋ፤ ምንም ያልበደሉ እናቶች ዳዊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተበተኑ። አሁን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሐረገወይንን ሰላም የሚላት የለም። እኔን ቤተ ክርስቲያንን ለካድሬ አሳልፎ የሰጠ ይሉኛል፤ ብዙነህም ከክሬኑ ሲወርድ ካየኝ በሌላ በኩል ይሄዳል። ይልቃል ከስቷል። አሁንም ማኅሌት ይቆማል፣ ድምፁም ያው ነው፣ እኔም ስሰማው ዛሬም ዕንባዬ ይመጣል። በራሴ እናደዳለሁ፣ ግን ይመጣል።

ዘሪቱ ማስተማሯን ቀጥላለች፣ የምትኖረውም ዙሌይኻ ቤት ነው። ከአዳራሹ ስንወጣ ይልቃል አጠገቧ ደርሶ «ሳልመርቅሽ ወጥተሻል፣ ያስተማርሁሽ ዳዊት ይፍረድብሽ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊቷን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ማንበብ ስትጀምር የሚሰማት የእሱ ድምፅ ነው። የደብራችን አስተዳዳሪ «ይልቃል ክህነት ስለሌለው እርግማኑ አይይዝሽም» ብለው አጽናንተዋት ነበር፤ አሜን ብላ ተቀብላ ወጣች፣ ዳዊቱን ግን አላነበበችም። ዙሌይኻ እንደነገረችኝ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያዛት ትሰግዳለች፣ ቁጥሩንም አትስትም።

አባቴ፣ ከዚህ በፊት ያልነገርሁዎት ነገር አለ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቅኔ ላስፋፋ ጎንጅ ልሂድ ብዬዎት መርቀው ሸኙኝ። ጎንጅን አላየኋትም። ወደ ባሕር ዳር ሄድሁ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ መሬት እስኪያልቅ ድረስ መጥቼ አሰብ ላይ ቆምሁ። ትምህርቱን አልፈልግም ማለት አቅቶኝ ነው ዋሽቼዎት የጠፋሁት። እርስዎ ክፉ አልነበሩም፤ ከጉሮሮዎ ነጥለው ለተማሪ ሲያጎርሱ አይቻለሁ። ግን እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እምቢ ሲልዎት ሰምቼ አላውቅም፤ እማማም፣ ትሩፋትም፣ እኔም። ይልቃልም ያደገው እዚያው ነው። እሺ የሚለውን ብቻ ሲልና ሲሰማ ኖሮ፣ ሌላ ቃል መኖሩ የጠፋበት ይመስለኛል። እኔም ብሆን በኅዳር ላዘዙኝ ነገር እምቢ ለማለት አርባ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ይልቃል ለዘሪቱ ያስተማራት ከእርስዎ የተቀበለውን ነው፤ የመምህሯ መምህር እርስዎ ነዎት፣ ክህነትም አለዎት። በተማሪ እጅ ሳይሆን፣ ዓይንዎ ቢደክምም በራስዎ እጅ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፉላት። ዳዊቱ የይልቃል እንዳልሆነ፣ የትም ብትሆን ብታነበው እንደማይፈርድባት ይንገሯትና ይፍቷት። ከአንድ መምህር እጅ ለመውጣት የሌላ መምህር ቃል ማስፈለጉ ያሳዝነኛል፤ እሷም ይህ አልጠፋትም።

ይህን ከመጻፌ በፊት ጠይቄያታለሁ። «እስቲ ላስብበት» አለችኝ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሐረገወይን ሂድና ጠይቃት እያለች ወተወተችኝ፣ አልሄድሁም። በአሥራ አንደኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደብ በር ድረስ መጥታ አስጠራችኝ። «ይጻፉ» አለች። «ግን ይቅርታ እንደጠየቅሁ አድርገው እንዳይጽፉብኝ። ጥፋት የለብኝም። ዳዊቴን ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ይኸው ነው።» ቃሏ ይህ ነው፤ አልጨመርሁበትም፣ አላጎደልሁም።

እማማ እቴናትን ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብያለሁ፤ የላከችው በርበሬ ደርሶ ጎረቤት ሁሉ አስነጥሷል። ትሩፋት፣ እስከዚህ ስላነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለአንቺ ሽማግሌ እንደመጣ እማማ አስጽፋልኛለች፣ አንቺ የምታስቢውን ግን በራስሽ እጅ ጻፊልኝ። ለጎረቤቶቻችን፣ ለተማሪዎቹም ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ። ሐረገወይንና ልጆቹ እጅ ይነሣሉ። ዙሌይኻም «ለማላውቃቸው አባትህ ሰላም በልልኝ» ብላለች።

አባቴ ሆይ፣ ያዘኑብኝ እንደሆነ እችለዋለሁ። ልመናዬን አልቀበልም ካሉም እምቢ ብለው ይጻፉልኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ። ዝም ካሉ እሷ መጥታ መልስ መጣ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔም የሰው ዝምታ ይዤ ወጥቼ እሺ ብለዋል ማለት ሁለተኛ አልችልም።

ልጅዎ ሣህሉ ንዋይ
አሰብ፣ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.